በዘፈን የተሸፈነ ቃል

በቢቸና ከተማ አባ ሀብተ ሥላሴ የሚባሉ የተከበሩ ቄስ ነበሩ። ፋንታ የሚባል ወንድ ልጅና፣ ድምፅዋ የሰማትን ሁሉ የሚያባባ ስርጉት የምትባል ሴት ልጅ እግዚአብሔር ሰጥቷቸው ነበር። ምን ያደርጋል! ስርጉት ከወንድሟና ከሞጣው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ ከይማም ጋር ባንድ አቋቁማ፣ በጊታርና በኦርጋን መዝፈን ስትጀምር አባቷ በጎረቤት ፊት ገዘቷት። «ደጄን እንዳትረግጪ! ሬሳዬንም እንዳትሸኚ!» ፋንታን ግን ወንድ ነው ብለው ተዉት።

የአባት፣ ያውም የቄስ ግዝት ቀላል ነው እንዴ? ስርጉት ሞጣ ተሰድዳ ቀረች። በዓመቱ አባ ሲሞቱ ቀብራቸውን ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ በሩቅ አየች፤ ባንዱም በዚያው ፈረሰ። «የአባት ምርቃት የሌለው ትዳር አይጸናም» እያለች ሽማግሌ መለሰች። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ሲያርፉ እንኳ ለቅሶ የተቀመጠችው ከአጥር ውጭ ነበር። ፋንታ ውሃ እያመላለሰ ያጠጣት ነበር። ጎረቤቱ «ኧረ ግቢ!» ቢላት፣ «ያሰረ ካልፈታ ማን ይፈታል?» ብላ አንገቷን ደፋች።

ባንዱ ከፈረሰ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ የሞጣ ወጣቶች «የድሮ ዘፈኖቻችሁን አድሱልን» ብለው ስለለመኗቸው ሦስቱ ከይማም ሱቅ ጓዳ ተሰበሰቡ።

«ጣቴ ጨርቅ ሲለካ ኖሮ ጊታር ረስቷል» አለ ይማም።

«ድሮስ መቼ ታውቅ ነበር! በኦርጋን የምሸፍንልህ እኔ!» አለ ፋንታ። ስርጉት ከስንት ዘመን በኋላ ከልቧ ሳቀች።

ዜማውን ለማስታወስ ይማም ያኖረውን የመጀመሪያ ካሴታቸውን ከፈቱ። ዘፈኑ አለቀ። ሁሉም በትዝታ ፈዝዘው ስለነበር የሚያጠፋው አልተገኘም። ካሴቱ ባዶውን ጥቂት ሄደ፤ ከዚያ… የሽማግሌ ሳል ተሰማ።

«…ፈትቼሻለሁ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔም በድዬሻለሁና ይቅር በይኝ። ዓይኔ ሳይከደን ነይ፤ ፋንታ ይዞሽ ይምጣ…»

ወይ አምላኬ! ስርጉት ወደ ወንድሟ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ታውቅ ነበር?»

«ስርጉቴ…»

«ታውቅ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

«አባባ ዓይናቸው ጠፍቶ መጻፍ ስላልቻሉ ቃላቸውን በካሴት ቀድተው አድርስላት አሉኝ። እማዬ ጠበል ነበረች፤ ሌላ የሰማ የለም። ቤት ከተመለስሽ ዘፈኑን ትተይዋለሽ ብዬ ፈራሁ። ባዶ ካሴት አልነበረንም፤ በላዩ ዘፈናችንን ቀዳሁበት። በሳምንቱ ልነግርሽ ነበር… በአራተኛው ቀን ሞቱ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገርሽ?»

«እማዬ ስትሞት ደጅ ውሃ ያመጣህልኝ… በሩ ክፍት መሆኑን እያወቅህ ነው?»

ፋንታ ወደ ደጅ ሮጠ። ከግቢው ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ተመልሶ ከእግሯ ሥር ወደቀ። «ስለ እመብርሃን ብለሽ!» ይማም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ።

ስርጉት ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችለት። «እመብርሃንን ጠርተህብኛል፤ እምቢ አልልም፤ ይቅር ብያለሁ። ግን ፋንታ፣ ሁለተኛ ድምፄን አትሰማም።»

በማግስቱ ቢቸና ገባች። ከእናቷ ሞት ወዲህ የተዘጋውን ቤት ቁልፍ ከጎረቤት ተቀብላ፣ ደፉን ተሻግራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። «አባባዬ!» ብላ ስትጮህ ጎረቤታቸው እትዬ ፈንታነሽ ደንግጠው ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«አባባ።»

«ኧረ አባ ካረፉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው!»

«ለእርስዎ ነው፣ እትዬ። እኔ መርዶዬ የደረሰኝ ትናንት ነው።»

እትዬ ፈንታነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጎኗ ተቀመጡ። ይህን ምን እንበለው? ዕድል ነው እንዳንል የሰው እጅ አለበት፤ ጠላት ነው እንዳንል የገዛ ወንድሟ ነው! እግዚአብሔር ያጽናት ከማለት በቀር ምን ቃል አለን?