ሐምራዊ ፊት

ጡረተኛው መምህር ፕሪንተሩ ፊት እንደተቀመጠ በከባድ የወረቀት መብሻ ማጅራቱን ተመቶ ሞቷል። ባልደረቦቹ «ነዝናዛው» የሚሉት መርማሪ ሲደርስ አሥር አለቃው ጉዳዩን ዘግቶታል፤ የሟችን ልጅ በካቴና አስሮ በር ላይ አቁሟታል።

«እጇን ይዩት፣ አለቃ!» አለ ደስ ብሎት። «ጠዋት ከአባቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ምን ቀረ?»

የልጅቷ ጣቶች ሰማያዊና ቢጫ ሆነዋል። ነዝናዛው በገነ። ቀለም ደም ነው እንዴ? የዚህ ሰውዬ ጥድፊያ አንድ ቀን ይገድለዋል!

«ምን ነክተሽ ነው?» አላት።

«የፕሪንተሩን የቀለም መያዣ፣ ካርትሪጁን ስሞላ። አባቴ አዲስ አይገዛም፤ ፎቶ ቤትም አይሄድም፤ ሁሉም ሌባ ነው ባይ ነው። ትናንት ሲያትም ቀለሙ አለቀ። ዛሬ ጠዋት በሲሪንጅ ስሞላለት ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩና ጮኸብኝ። እኔም ጮህኩበት፤ ሞልቼ እንደጨረስኩ ጥዬው ወጣሁ። ስመለስ…» ካቴናውን አየች። «እናቴ የአልጋ ቁራኛ ናት። እኔ ከታሰርኩ ማን ያገላብጣታል?»

ፊት ለፊት ያለው ባለ ፎቶ ቤት ሳይጠየቅ ጀመረ። «ሟች ሰፈሩን ሁሉ በቤት ማተም አስተምሮ ገበያዬን ገድሎታል። እጠላው ነበር፣ አልዋሽም። ዛሬ ሱቄን ስከፍት ልጁ ቀለሙን የገዛችው እንኳ ከእኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የአንድ ትምህርት ቤት ሠራተኞችን ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ነው የዋልኩት፤ ጠይቋቸው።»

የሟች ታናሽ ወንድም ሶፋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሏል። በቅርቡ ልጁ ስለሞተችበት ማንም ሊጫነው አልፈለገም። «ዛሬ እግሬ እዚህ ቤት አልረገጠም» አለ። «ትናንት የልጄን ፎቶ አተመልኝ፤ ይዤ ሄድኩ። አሁን ተጠርቼ መጣሁ።»

ነዝናዛው ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን፣ የትናንት ቀን የተጻፈባቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ሟች ጀምሮት የቀረውን ፎቶ እንዲጨርስ ፕሪንተሩን አስነሳ። ማሽኑ ወረቀቱን ነክሶ አልለቅም አለ። «የትም የማያደርስ ዕቃ!» ብሎ ጥፊ አቀመሰው። በመጨረሻ ፊቷ ሐምራዊ የሆነ ሙሽራ ተፋለት።

ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«የትናንቶቹ ፎቶዎች ላይ የሰው ፊት የሰው ፊት ነው። ይህን እዩት! ልጅቷ ተናዳ ስትሞላ ሰማያዊውን በቢጫው፣ ቢጫውን በሰማያዊው ቦታ ጨምራለች። ቀለሙን የገዛችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ሻጩ መስክሯል። እንግዲህ ትናንት የታተመ ፎቶ ደህና ነው፤ ዛሬ የታተመ ግን እንዲህ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረ። «የልጅዎን ፎቶ ያሳዩኝ።»

«ቤት ነው ያለው።»

«ከመጣሁ ጀምሮ የደረት ኪስዎን ሲዳብሱ አይቻለሁ።»

ሰውየው ፖስታውን አወጣ። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ትንሽ ልጅ ትስቃለች። ፊቷ ሐምራዊ ነው።

«ፎቶ ቤት እናሳትማት ብዬ ለመንኩት» አለ። «እምቢ አለኝ። እንዲህ ሆና ስትወጣ ደግሞ ‹ምን አለበት፣ ፍሬም ውስጥ ስትገባ አይታወቅም› ብሎ ሳቀ። የሞተችውን ልጄን! ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ ሌላ ማተም ጀመረ። መብሻውን እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም።»

አሥር አለቃው አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ፈታ። ልጅቷ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«እኔ ባላቀያይረው ኖሮ…» አለች።

«ተዪው!» አላት ነዝናዛው በቁጣ። በማን እንደተቆጣ ራሱም አላወቀውም። ብስጭቱን ወደ ወንድምየው አዞረ። «ቢቀዱት ኖሮ ማንም አይደርስብዎትም ነበር። ምን ነክቶዎት ይዘውት ይዞራሉ?»

ሰውየው ቀና ብሎ አየው።

«ፊቷ ነው እኮ» አለ። «የልጄን ፊት እንዴት አድርጌ ልቅደደው?»