ስሟ የተጻፈበት ዕቃ

«ይሄ ምራቅ ነው» አለ የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ዘነበ፣ ባለክዳኗን የፕላስቲክ ዕቃ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ። «በምራቅማ ከሄድን ሸዋ ሮቢት ውስጥ በሽተኛ የለም። እኔ የምፈልገው ከደረት የሚወጣውን አክታ ነው።»

ናጅዋ አንገቷን ደፋች። ሳል ከያዛት ሳምንታት አልፈዋል። ዘነበ በአዲስ ዕቃ ላይ ስሟን ጻፈና ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ፣ አፏን ተጉመጥምጣ፣ ደጅ ወጥታ፣ ከሰው ርቃ ከደረቷ እንድትስል ነገራት። ከሰው መራቁ አላሳሰባትም፤ ሰው ራሱ ቀድሞ ርቋታል።

እሷና ጓደኛዋ ዓይሻ ከቀወት ገጠር መጥተው፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ከአንድ የማሽላ እንጀራ እየቆረሱ ነበር የሚማሩት። ሳሉ ሲጸናባት ዓይሻ ፍራሿን ተሸክማ እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ወዳለችው ባዶ ክፍል ገባች። ለፈተና ለማጥናት ነው አለች። ፈተናው ገና ሩቅ ነበር። የግቢው ሰውም ጨዋ ነው፤ ክፉ ቃል የተናገራት የለም። ደግ ቃል የተናገራትም የለም።

አመሻሹ ላይ ዓይሻ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባዋለች። የናጅዋ ሳል እንዳይደርስባት መሆኑ ነው። ውጤቱ ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ ነሽ ካለ ያኔውኑ ፍራሿን እንደምትመልስ ቃል ገባች። ከዚያ ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣

«ዕቃውን ስጪኝ፤ እኔ ልትፋልሽ» አለች።

«አበድሽ እንዴ?»

«ምን ችግር አለው? የኔ ጤነኛ ነው። ወላሂ ማንም አያውቅም፤ አክታ ፎቶ የለው።»

ናጅዋ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ዓይሻም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ያቺ እርምጃ ከሳሉ ይልቅ ደረቷን ወጋቻት። ዕቃውን የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠችላት። ከመዳን ይልቅ የናፈቃት ያ ፍራሽ ነበር።

ጠዋት በሩን ስትከፍት ዕቃው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ዓይሻ አምጥታ ስታስቀምጠው አላንኳኳችም። ናጅዋ ይዛው እስከ አጥሩ በር ሄደች፤ ባጃጅ ስትጠብቅ ፌስታሉን ገለጥ አድርጋ አየችው።

ምራቅ አልነበረም። ወፍራም፣ ቢጫ፣ ዘነበ ሲፈልገው የነበረው ዓይነት ነው።

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ትገቢያለሽ ወይ ብሎ ቢጠይቃት አልሰማችውም። ስለ ሻሹ እያሰበች ነበር። ስለዚያ ሩቅ ፈተና፣ ጥግ ላይ ስላለችው፣ ሌሊት ድምፅ ስለማይወጣባት ክፍል እያሰበች ነበር። ዕቃውን እንዲሁ ብታስረክብ ውጤቱ በናጅዋ ስም ይወጣል፤ ዓይሻም እዚያችው ጥግ ትራሷን ነክሳ መሳሏን ትቀጥላለች።

ተመለሰች። የጥጉን በር አንኳኳች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። ዕቃውን አየሁት።»

ከውስጥ የታፈነ ሳል ተሰማ፤ ደጋግሞ።

ናጅዋ ደፉ ላይ ተቀመጠች። የግቢው ቧንቧ ዘንድ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ዞረው ያዩዋታል።

«ጋሼ ዘነበ ሁለት ባዶ ዕቃ አያጣም» አለች በበሩ ስንጥቅ። «ልበሺና ውጪ። እጠብቅሻለሁ።»

ከዚያም እጇን እንኳ አፏ ላይ ሳታደርግ፣ ፊቷን ከሰልፉ አዙራ፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ ከደረቷ ሳለች።