የመዝረዓው ጥቁር ስክሪን

እትዬ እሙሽ በስልክ «ሟች አለ» ተብለው ነበር የተጠሩት። ቤሩት ውስጥ መዝረዓ ሰፈር ደርሰው አራተኛ ፎቅ ሲወጡ ግን ያገኙት ጎኑ የተከፈተ ኮምፒዩተር ነው። ሊስቁ ነበር፤ የሰዎቹን ፊት ሲያዩ ተዉት።

እትዬ እሙሽ ቤሩት ያሉ ሐበሾች ሲጣሉ የሚያስታርቁ፣ ዕቃ ሲጠፋ ሌባውን የሚያወጡ ሴት ናቸው። የጠራቻቸው አይዳ የሰርግ ቪዲዮ በማቀናበር ትተዳደራለች። ትናንት ኮምፒዩተሯ ውስጥ ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ አዲስ ግራፊክስ ካርድ አስገጠመች፤ ዛሬ ስክሪኑ ጨለመ። ፍርዷንም ጨርሳለች፤ አብራት የምትኖረው ሱአድ ከቤት ትውጣ።

ሱአድ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ከዚህ ክፍል ከወጣች የምታውቀው በር አንድ ብቻ ነው፤ ከዱላ ያመለጠችበት፣ ፋናር ሰፈር ያለው የአሠሪዋ የማዳሟ ቤት። ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ስልኳን ጨብጣለች።

«ማን ነካው?»

«እሷ ናታ! ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው» አለች አይዳ።

«በደረቅ ነው፣ ወላሂ» አለች ሱአድ።

«እኔም ካውያ ስሰካ መብራቱ ድርግም ብሎ ነበር። ያኒ፣ ለምን እሷ ብቻ?» አለች አብራቸው የምትኖረው ፋጡ።

ካርዱን የገጠመው የኦዛይ ሰፈሩ ኮምፒዩተር ጠጋኝ አብዲ እጁን አወናጨፈ። «ኸላስ፣ አለቀ! ካርዱ ተቃጥሏል። አሁን አውጥቼ መልሼ ከተትኩት፤ ያው ነው።»

እትዬ እሙሽ ጎንበስ ብለው አዩ። ማራገቢያው ይዞራል፤ የካርዱም መብራት በርቷል። የሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ ስለተለጠፈ ገመዶቹ የት እንደተሰኩ አይታይም።

«አብዲ፣ ካርዱን ስታወጣ የስክሪኑን ገመድ ነቀልክ?»

«አልነቀልኩም፤ እንዲሁ ወጣ።»

«ትናንትስ ገመዱን የት ሰካኸው?»

«እሱማ ካርዱ ላይ...» አብዲ ወደ ካርዱ ዞረ።

«ሱአድ፣ ሲገጠም ነበርሽ?»

«ሥራ ነበርኩ።»

«ስትወለውዪ ገመዶቹን ነቀልሽ?»

«ሁሉንም። ግን እያንዳንዱን ከነበረበት ነው የመለስኩት፣ እትዬ። ማዳሜ ዕቃ ጣት ታህል ፈቀቅ ካለ ትመታኝ ነበር። ሳላይ ዳብሼ እመልሳለሁ፤ እጄ ያውቀዋል።»

እትዬ እሙሽ ሁሉንም አስቀመጧቸው። «ካርዱ ትናንት ሠርቷል፤ አይዳ ራሷ እስክትተኛ ሠርታበታለች። ስለዚህ የአብዲ አገጣጠም ደህና ነው። የፋጡ ካውያ ገድሎት ቢሆን ኖሮ ይህ መብራት ባልበራ። ዛሬ ካርዱ ገመድ ሳይነቀል ከወጣ ግን ገመዱ እሱ ላይ አልነበረም። አብዲ ትናንት ሳጥኑ ላይ ካለው ከድሮው መሰኪያ ቀዳዳ ወደ ካርዱ አዛውሮታል፤ ሱአድ ያንን አላየችም። እጇ የሚያውቀውን የድሮውን ቀዳዳ ፈልጎ ሰካው፤ ካርድ ከገባ በኋላ ግን የድሮው ቀዳዳ ምስል አያወጣም። ሟችም ገዳይም የለም።»

አብዲ ሳጥኑን ስቦ ገመዱን ቀየረ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ሙሽራ እጇን ዘርግታ ታየች። አይዳ እልል አለች፤ ፋጡ አቀፈቻት። ሱአድ ግን ከጥጉ አልተነሳችም።

እትዬ እሙሽ ሱአድ የጨበጠችውን ስልክ አዩ። «ለማን ደወልሽ?»

«ለማዳሜ። አይዳ ውጪ ስትለኝ ጨነቀኝ። ነይ ውሰጂኝ ብዬ አድራሻ ሰጠኋት። ከፖሊስ ጋር እመጣለሁ አለችኝ።»

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። አይዳ ሮጣ በሩን ቆለፈች። «አትሄጂም! በአላህ፣ አትሄጂም!»

«አይዳዬ፣ እኔን ካጡ ወደ ላይ ይወጣሉ። አንቺም ፋጡም ወረቀት የላችሁም።»

ጥሩምባው ተደገመ። አይዳ እያለቀሰች ቁልፉን መልሳ አዞረችው። ሱአድ ጫማዋን አድርጋ ብቻዋን ደረጃውን ወረደች።