ቢጫዎቹ ረድፎች

«ክንዴ አይነሳም!» አለ ከበሮ መቺው።

ቀዩ ኮት ደረቱ ላይ ልክክ ብሏል፤ አንገቱም እንከን የለውም። ጉዱ የመጣው ልጁ ዱላዎቹን ከፍ ሊያደርግ ሲሞክር ነው። የኮቱ ብብት ጨምድዶ ያዘው። በስፌት ክፍሉ መሃል ቆሞ ክርኖቹን እንደ ታሰረ ዶሮ ያራግባል።

መስኮቱ አጠገብ የነበረችው የክፍል ጓደኛው ሳቋ አመለጣት። ሰፈሩ «ሮኬት» ይላታል። ስትሄድም፣ ስትናገርም፣ የሂሳብ ጥያቄ ስትመልስም ሌላው ጫማውን አስሮ ሳይጨርስ እሷ ደርሳለች።

«ሙድ አትያዢብኝ!» አላት ልጁ። «ቅዳሜ ሰልፍ አለን። ከበሮውን በአፍንጫዬ ልምታው?»

የስፌት ክፍሉ ባለቤት የሆነችው የሮኬት አክስት ግን አልሳቀችም። የትምህርት ቤቱን ባንድ ሃያ ኮት ለመስፋት ቃል የገባችው እሷ ናት። ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ የልጁን ብብት ለካችና ወደ ጨርቅ ቆራጯ ዞረች።

«ይሄ አራተኛው ነው። ምን ነካሽ? መቀስሽ ታወረ እንዴ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የቆረጥኩት» አለች ቆራጯ። ከዚያ በራሷ ላይ ጥርጣሬ ገባትና መነጽሯን አውልቃ ዓይኖቿን አሻሸች። «እንጃ። ዓይኔ ደክሞ ይሆናል።» ሃያ ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ አንድም ቀን እንዲህ ብላ አታውቅም።

ሮኬት «ወረቀቱ» የሚለውን ስትሰማ ሳቋ ደረቀ። ወረቀቱ የወጣው ከእሷ ፕሮግራም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። አክስቷ በሰፈሩ የኮምፒውተር ክፍል የሦስት ወር ትምህርት ወስዳ፣ የልብስ ልኮችን የምትጽፍበት ሠንጠረዥ ለራሷ ሠርታ ነበር። ሠንጠረዡ መልክ አልነበረውም። አንዱ ረድፍ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሮኬት ስታየው «አክስቴ፣ ይሄ ሥዕል ነው ወይስ ሥራ?» ብላ ቀለደችና በሁለት ቀን አዲስ ፕሮግራም ሠራችላት። ቁጥሮቹን ገለበጠች። ቀለሞቹን፣ ለጌጥ የተቀቡ መስሏት፣ ጠረገቻቸው። አክስቷም «የተማረ ያውቃል» ብላ ዝም አለች።

«መጣሁ» አለችና በረረች። የኮምፒውተር ክፍሉ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው። ፍላሽዋን ሰክታ የድሮውን ሠንጠረዥ ከፈተች። ሃያ ልጆች፣ ሃያ ረድፎች። ቢጫዎቹን ቆጠረች፦ ትሮምቦን ነፊው፣ ሁለቱ ሲምባል መቺዎች፣ ከበሮ መቺው። አራት። ሲጫወቱ ክንዳቸውን የሚያነሱት ሁሉ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል የምትስቀው እሷው ነበረች።

ከበሮ መቺው ቀዩን ኮት እንደለበሰ ተከትሏት ገብቶ ስክሪኑን ከጀርባዋ አየ። ሞኝ አይደለም፤ ወዲያው ገባው።

«ላሽ በይው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተመራማሪዋ ዛሬ ነው የምትመጣው አይደል? ከየሰፈሩ ፕሮግራም የሠራ አንድ ሰው ብቻ ነው ለዩኒቨርሲቲው ስልጠና የሚወስዱት። ከክረምት ጀምሮ ስለዚህ ስልጠና ስታደነቁሪኝ ነው የከረምሽው። አሁን ከተናገርሽ አበቃ።»

«እትዬ ዓይኗ የጠፋ መስሏታል እኮ።»

«አታካብጂ። ኮቱ ይስተካከላል።»

ኮቱማ ይስተካከላል። ግን ቆራጯ መነጽሯን ይዛ የቆመችበት መልክ ከዓይኗ አልጠፋም። ስልጠናውንም ትፈልገዋለች፤ እንቅልፍ እስክታጣ ትፈልገዋለች። ሁለቱ ነገሮች ደረቷ ውስጥ ተያይዘው ሳሉ በሩ ተከፈተ።

ተመራማሪዋ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ ቦርሳዋ በወረቀት ያበጠ ሴት ናት። የምታጠናው ፕሮግራመር ያልሆኑ ሰዎች ለገዛ ሥራቸው የሚሠሩትን ፕሮግራም ነው። አክስቷና ቆራጯ ከኋላዋ ገቡ።

«ፈጣኗ ልጅ አንቺ ነሽ?» አለች ተመራማሪዋ ፈገግ ብላ፣ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። የመጀመሪያው መስመር «የሠራው ሰው ስም» ይላል። «እስቲ ፕሮግራምሽን አሳዪኝ። ይሠራል?»

ሮኬት እጇን ወደ ኪቦርዱ ዘረጋች። ከዚያ መልሳ ሰበሰበችውና ቆራጯን አየች።

«አይሠራም» አለች። «እትዬ፣ ዓይንሽ ምንም አልሆነም። አራቱን ኮቶች ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቢጫውን አጠፋሁት።»

ከበሮ መቺው ጣሪያውን ያያል። ቆራጯ መነጽሯን ቀስ ብላ አደረገችና «እንዲህ በይኛ!» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣም እፎይታም ነበር። አክስቷ ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ የድሮ ሠንጠረዧን እንደ ጠፋ ዘመድ አየችው።

«ቢጫ ማለት» አለች፣ «ብብቱ ላይ ሁለት ጣት ጨምሪ ማለት ነው። ስታጠፊው አውቀሽ መስሎኝ ነበር።»

«ሳልጠይቅሽ ነው ያጠፋሁት።»

«እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

ተመራማሪዋ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ሰማያዊውስ? አንድ ብቻ ነው።»

አክስቷ ከበሮ መቺውን በዓይኗ ጠቅሳ ወደ ውጭ ላከችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰማያዊው ረድፍ የሌላ ልጅ ነው፤ ሲለካ ያፍራል። ወፈር ያለ ነው፤ ሌሎቹ ይስቁበታል። ሰማያዊ ማለት በሜትር አትለኪው፣ በዓይንሽ ለኪው ማለት ነው።»

ሮኬት የራሷን ፕሮግራም አሰበችው። ስም፣ ደረት፣ ክንድ፣ ቁመት። ለእንዲህ ያለ ነገር አንድም ቦታ አልተወችም።

ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና ተመራማሪዋን ቀና ብላ አየቻት። «ስልጠናው ለሠራው ሰው ነው አይደል?»

«አዎ። ለአንድ ሰው።»

ሮኬት እስክሪብቶውን ከተመራማሪዋ ተቀበለች። የመጀመሪያው መስመር ላይ የአክስቷን ስም ጻፈች፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ከወንበሩ ተነስታ አክስቷን አስቀመጠችና ኪቦርዱን ወደ እሷ ገፋችው።

«ኮቶቹን ከቅዳሜ በፊት ፈትተን እናስተካክላለን፤ ስፌቱን እኔም እተረትራለሁ» አለች። «መጀመሪያ ግን ሁሉንም ንገሪኝ። ነጩ ምንድን ነው?»

«ነጭማ ነጭ ነው» አለች አክስቷ ሳቅ ብላ። «ቆይ ግን፣ እሱም ቢሆን…»

ሮኬት ሌላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።