የማይከፈተው ሥዕል

ስክሪኑ ላይ እንደ ጎርፍ ሲወርድ የነበረው ጽሑፍ ድንገት ቀጥ አለ። ከታች ሥራው መቋረጡን የሚናገር አንድ ቀይ መስመር ብቻ ቀረ።

«ተከፈተ?» አለች እናቷ ከወዲያኛው ክፍል። የስፌት መኪናዋ ለጥያቄው ያህል ብቻ ጋብ ብሏል።

«ትንሽ ቀረው እማዬ!»

መኪናው መልሶ መንገጫገጭ ጀመረ። ጉንዳን አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ቀዩን መስመር ትኩር ብላ አየችው። «ትንሽ ቀረው» ማለት ከጀመረች ሰንብታለች። ትንሹ ግን አንድም ቀን አንሶ አያውቅም።

ጉንዳን ያላት ወንድሟ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ነገር ከያዘች፣ አሻንጉሊትም ይሁን ጥያቄ፣ ሞታ ነው የምትለቀው። «ይቺ ጉንዳን!» አላት አንድ ቀን፤ ስሙ እንደ ሙጫ ተጣብቆባት ቀረ። አሁን አስተማሪዎቿ ሳይቀሩ ጉንዳን ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ግን የለም። ሳንባው ላይ የጀመረው ሕመም ሲያመላልሰው ከርሞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል የገባ ዕለት፣ እናቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አያትና «ሥዕልሽ እኮ አለቀ። ስወጣ አሳይሻለሁ» አላት። አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ እናቷ ሌላ ነገር ጠይቃ አታውቅም። አትጮኽም፣ ብዙ አታወራም፤ ስትሰፋ ትውላለች። በመሃል ቀና ሳትል «ሥዕሉስ?» ትላለች።

ሥዕሉ አለ። ችግሩ መክፈቱ ላይ ነው። ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ብሎ ጥገና ሲወሰድ፣ ጠጋኙ የተበላሸውን ዲስክ ቀይሮ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተሩን መነሻ ፕሮግራም እንደ አዲስ ጫነው። የወንድሟን ፋይሎች አትርፎላቸዋል፤ የሚስልበት ፕሮግራም ግን ከአሮጌው ዲስክ ጋር ሄደ። ከሊኑክሱ ጋር አብሮ የመጣው የዚያው ፕሮግራም የቆየ ቨርዥን ነው። ሥዕሉን ክፈት ሲሉት «ይህ ፋይል በአዲስ ቨርዥን የተሠራ ነው» ብሎ ይዘጋል። ወደ ማተሚያ ቤትም ወስዳው ነበር፤ እዚያም ያው ነው የሆነው። ወንድሟ ይሠራ የነበረው ገና በሙከራ ላይ ባለ፣ ተዘጋጅቶ በማይገኝ ቨርዥን ነበርና። ኮዱን ከኢንተርኔት አውርዶ፣ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ራሱ ይገነባው ነበር። ለዚያም ላይብረሪ የሚባሉ ደጋፊ የኮድ ጥቅሎች ያስፈልጋሉ።

«የተጋገረ ዳቦ ከመግዛት፣ ዱቄቱን አምጥቶ ራስ እንደ መጋገር በዪው» ሲል አስረድቷት ነበር አንድ ጊዜ።

«ዳቦ ቤቱ አጠገባችን እያለ?» ብላ ስቃበት ነበር። አሁን ዱቄቱን ይዛ ቀርታለች።

በሩ ተንኳኳ። «እንደምን ዋሉ እትዬ» የሚል ድምፅ ሰማች። ሽቦ ነው፤ ከመቅጠኑና ከመርዘሙ የተነሳ እንደዚያ የሚሉት የክፍል ጓደኛዋ።

«ግባ የኔ ልጅ። ውስጥ ናት» አለች እናቷ። «እባክህ እርዳት፤ ዓይኗ ሊጠፋ ነው።»

ሽቦ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባና ከዝናቡ የረጠበ ጃኬቱን ወንበር ላይ ወረወረ። «እስኪ ዞር በዪ። ይሄ እኮ ነፍ ቀላል ነው። የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼዋለሁ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። ትናንትም ብለኸኛል።»

«ትናንት ኔትወርኩ ነው ያስቸገረን።»

ቀዩን መስመር ኮፒ አድርጎ ኢንተርኔት ላይ ፈለገ። አንድ ሰው የጻፈውን ትእዛዝ አገኘ፣ ለጠፈው፣ አልሠራም። የሌላ ሰው ለጠፈ፣ አልሠራም። ሦስተኛውን ሲለጥፍ ኮምፒውተሩ አንድ ረጅም ዝርዝር ደረደረና «ልቀጥል?» ብሎ ጠየቀ። የሽቦ ጣት ወደ ቁልፉ ሲሄድ ጉንዳን እጁን ለቀም አደረገችው።

«ቆይ! አንብበው እንጂ!»

«አሮጌውን ላይብረሪ አጥፋ ነው ያልኩት። አሮጌው ስላለ ነው የሚጋጨው።»

«ከሱ ጋር ምን ምን እንደሚያጠፋ አይተሃል? ግማሹን ኮምፒውተር እኮ ነው የዘረዘረው! የወንድሜ ፋይልስ?»

«እሱን አይነካም።» ዝርዝሩን መልሶ አየ። «ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?»

ሽቦ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ጉንዳን ወንበሯን ወደሱ አዞረች።

«እውነቱን ንገረኝ። ሠርተኸው ታውቃለህ?»

«ሲሠራ አይቻለሁ።»

«ሽቦ!»

«እሺ፤ ቪዲዮ ላይ። እሱንም እስከ መጨረሻው አላየሁትም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቋ ይመጣ ነበር። አሁን ግን አልመጣላትም። «እናቴን በየቀኑ ዛሬ ነው ዛሬ ነው እያልኩ አንተን አምኜ ነው የምዋሻት። ለምን?»

ሽቦ ጃኬቱን አንስቶ ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች ማድረግ ጀመረ። «ወንድምሽ የሞተ ቀን መጥቼ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይላል፣ እኔ እዚያ ጥግ ተገትሬ ቀረሁ። ቢያንስ ይሄን ልሥራላችሁ ብዬ ነው። እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም።»

ጉንዳን ወደ ስክሪኑ ዞረች። ዝርዝሩን አስቆመችው፤ «አትቀጥል» አለችው ኮምፒውተሩን። ከዚያ ሌላ የምታደርገው ስላጣች፣ ጎርፍ ሆኖ የወረደውን ጽሑፍ ወደ ላይ ትስበው ጀመር። እስከዛሬ ሁለቱም የሚያዩት የመጨረሻዋን ቀይ መስመር ነበር። መስመሯ ግን የምትለው ሥራው መቆሙን ብቻ ነው። የቆመበትን ምክንያት የሚናገረው መስመር በጣም ርቆ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ላይ ተቀምጧል።

«እየው» አለች። «ቀለም የሚቀላቅልበት ላይብረሪ አሮጌ ነው ይላል። አዲሱን ይፈልጋል።»

«አዲሱን ትናንት ሠርተነው የለም እንዴ?»

«ሠርተነዋል። እኔም እሱ ነው የገረመኝ።»

አዲሱ ላይብረሪ የት እንደገባ ፈለጉ። አገኙት፤ ደህና ሆኖ፣ ሙሉ ሆኖ፣ ለብቻው አንድ ፎልደር ውስጥ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ግን እዚያ ዞር ብሎም አላየ፤ እንደ ልማዱ አሮጌው ወዳለበት ብቻ ነው የሚሄደው።

«ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያልተናገረ ሰው ሆነ እኮ» አለ ሽቦ።

«ስለዚህ እንንገርለት።»

መመሪያውን አብረው አነበቡ፤ በዚህ ጊዜ ከላይ እስከ ታች። ሽቦ ያነባል፣ እሷ ትጽፋለች። አዲሱ ላይብረሪ ያለበትን ቦታ የሚነግር አንድ መስመር ነው። ያለፈውን ግንባታ ትርፍራፊ አጥፍታ ከዜሮ አስጀመረችው። ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። አለፈው።

የኮምፒውተሩ ማራገቢያ እንደ ንብ ጮኸ፤ ሆዱ እንደ ካውያ ጋለ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ውጭ ዝናቡ ሲከብድ፣ ከወዲያ የስፌት መኪናው ሳያቋርጥ ሲሄድ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ግንባታው አለቀ፤ ፕሮግራሙን ሲያስነሱት ግን አንድ መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ።

«አለቀልን» አለ ሽቦ፤ ፊቱ ተኮማተረ።

ጉንዳን ግን የወጣውን ጽሑፍ እያነበበች ነበር። «ሲገነባ አዲሱን አገኘ፤ ሲነሳ ደግሞ ተመልሶ አሮጌውን ጎትቶ አመጣ። ያው አድራሻ ነው። ሁለቴ መንገር አለብን።»

ነገረችው። መስኮቱ ተከፈተ፤ ሳይዘጋም ቆመ። ሽቦ ሊጮኽ ሲል አፉን በእጁ ያዘ። ጉንዳን የወንድሟን ፋይል ነካችው።

ሥዕሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ መጣ። መስኮቱ፣ የቀትር ብርሃኑ፣ የስፌት መኪናው ጥቁር አንገት፣ ከጠረጴዛው እስከ ወለሉ ድረስ የሚፈስ ሰማያዊ ጨርቅ። ከዚያ እጆቹ። ጨርቁን ወደ መርፌው የሚገፉ የእናቷ እጆች፤ መቀስ ያጠነከረው አውራ ጣት፣ መርፌ የወጋው ጥፍር፣ ጀርባቸው ላይ ያበጡት ደም ሥሮች፤ አንዳቸውም አልቀሩም። ቢነኳቸው የሚሞቁ ይመስሉ ነበር።

«ፊቷስ?» አለ ሽቦ በሹክሹክታ።

ፊት የለም። ፀጉሯን ያሰረችበት ጨርቅ ሥር የቆዳ ቀለም የተቀባ ሞላላ ነገርና ሁለት መስቀለኛ ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ነበሩ።

ጉንዳን ወደ ቀኝ በኩል አየች። ሥዕሉ የተሠራባቸው ሌየሮች እንደ ስስ ወረቀት አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረዋል፤ ለእያንዳንዱ ወንድሟ ስም ሰጥቶታል። «መስኮት»። «መኪና»። «ጨርቅ»። «እጆች፣ አለቀ»። ከሁሉም በላይ ያለው ግን ባዶ ነበር፤ ስሙም «ፊት፣ እማዬ ስትቀመጥልኝ» ይላል።

ያን ጊዜ የወንድሟ ድምፅ መጣባት። በር ላይ ተደግፎ «እማዬ፣ ትንሽ ብቻ ቀና ብለሽ ቁጭ በይልኝ» ሲል። እናቷም ከመኪናው ሳትነሳ «ነገ፣ የኔ ጌታ። ይሄን ልጨርስና» ስትል። በሌላ ቀንም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ነገ መባሉ ቀረና ሆስፒታል መመላለሱ መጣ።

ሽቦም አንብቦታል። ባዶውን ሞላላ እያየ «የእናትሽ ፎቶ አለሽ?» አለ።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ ስጪኝ።»

ስልኳን ሰጠችው። ይሄን እንኳ እውነትም ያውቅበታል። ፎቶውን አስገባ፣ ፊቱን ቆርጦ አወጣ፣ ጠመዘዘው፣ የብሩሽ መልክ አለበሰው፣ ብርሃኑን ከመስኮቱ ጋር አስማማው። ሲጨርስ እናቷ ከስክሪኑ ውስጥ በትንሹ ፈገግ ብላ ታያቸው ነበር። ያምራል። ጉንዳን ማማሩን መካድ አልቻለችም።

«ወንድምሽ አለቀ ብሏታል» አለ ሽቦ። «ስለዚህ አለቀ።»

«የሱ አይደለም።»

«እሷ በምን ታውቃለች? ጉንዳን፣ በናትሽ። ያንን ጽሑፍ ብታነብ ምን እንደምትሆን አስቢው። ለምን ብለሽ? እሱ ራሱ እንዳታዝንበት ብሎ ነው የዋሻት።»

ሽቦ ልክ ሊሆን ይችላል። እናቷ ይሄን ግድግዳ ላይ ሰቅላ፣ ጧት ማታ ቀና ብላ እያየች «ልጄ እንዲህ አድርጎ ያየኝ ነበር» ትላለች። ትጽናናለች። ጉንዳንም አጠገቧ ቆማ፣ ያ ፊት ከስልኳ የተቆረጠ መሆኑን እያወቀች፣ አዎ ትላለች። ዛሬ፣ ነገ፣ ከርሞ። እጆቹን እንደገና አየቻቸው። ወንድሟ ስንት ቀን በሩ ላይ ቆሞ ቢያያቸው ነው እንዲህ ያወቃቸው?

የስፌት መኪናው ቆመ። «ልጆች፣ ተከፈተ እንዴ?» የነጠላ ጫማ ድምፅ ቀረበ።

ሽቦ ዓይን ዓይኗን አያት። ጉንዳን እሱ የሠራውን ፊት መርጣ አጠፋችው። የወንድሟን ጽሑፍ አልነካችም።

«ተከፈተ እማዬ» አለች ስትነሳ። «ግን አላለቀም።»

እናቷ ትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለውን የልብስ መለኪያ ሜትር ሳታወርድ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ዓይኗ የሄደው እጆቹ ላይ ነው። የራሷን እጅ አንስታ ስክሪኑ አጠገብ ያዘችው፤ አንዴ ይሄን አንዴ ያንን አየች።

«እጄ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

ከዚያ ፊቱ ጋ ደረሰች። ቀጥሎ በቀኝ በኩል ያለውን ማንበብ ጀመረች፤ ከንፈሯ ቀስ እያለ ሲንቀሳቀስ ጉንዳን እያንዳንዱን ቃል ከከንፈሯ ላይ ታነበው ነበር። ሽቦ መሬት መሬት ያያል። እናቷ አላለቀሰችም። «ነገ እለው ነበር» አለች፤ ለማንም አይደለም። ተነስታ ወጣች።

ጆሯቸውን ወዲያ ጣሉ። የስፌት መኪናው አልተነሳም።

«አልኩሽ» አለ ሽቦ በቀስታ። ሲለው ክፋት አልነበረበትም። ጃኬቱን ለበሰና ትከሻዋን ነካ አድርጓት ወደ ዝናቡ ወጣ።

ጉንዳን ትንሽ ቆማ ቆየች። ያደረገችው ልክ ይሁን ስህተት የሚነግራት ሰው አልነበረም። ከዚያ ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄደች። ጨልሟል። እናቷ ጀርባዋን ለመኪናው ሰጥታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ጉንዳን አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች።

እናቷ «እንዳለ ይታተም» አለች። ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ፊቱን ማንም እንዳይነካው።»

«እሺ» አለች ጉንዳን።

መብራት ለማብራት ማንም አልተነሳም።