ቀድሞ «አቤት» ያለ

ሰበዝ ኮቱን ስትቀበል የልብስ አጣቢውን ፊት አላየችም።

«እድፉ አልለቀቀም።»

«ግድ የለም፣ ከነእድፉ እለብሰዋለሁ።»

የይለፍ ቃሉ ተሟላ። የተላከላት ፋይል ያለበት ፍላሽ በግራ ኪሱ ስፌት ውስጥ ነበር። ሰዓቱ ስድስት ተኩል። የምትሠራበት ድርጅት ፕሮግራም ስምንት ሰዓት ላይ ጠፍቶ ይነሳል።

«ሰበዝ» የሚስጥር ስሟ ነው። ስልክ ያለበትን ቦታ ፈልጎ የሚያገኝ ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት አራተኛ ፎቅ ላይ ስምንት ወር በሌላ ስም ሠርታለች። ከሚታደኑት መካከል አሥራ አንዱ በድርጅቱ ባለቤት ላይ ሊመሰክሩ የተደበቁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ከሰዓት በድርጅቱ ሰዎች ሊለቀሙ ነው። የላካት ሰው፣ «አጎት»፣ ትእዛዙ አጭር ነበር፦ «ፋይሉን አስገቢ። ፕሮግራሙ ይታወራል።»

ፕሮግራሙ ሁሉን በራሱ አይሠራም፤ ላይብረሪ ከሚባሉ የጋራ ፋይሎች ይዋሳል። የሚያውቀው የሚፈልገውን ሥራ ስም ብቻ ነው። የአድራሻው ቦታ ባዶ ነው። ሲነሳ፣ ሊንከር የሚባለው አገናኝ ላይብረሪዎቹን በተራ እየዞረ ስሙን ይጠራል፤ ቀድሞ «አቤት» ያለውን አድራሻ ባዶው ላይ ይሞላል። እውነተኛው ኋላ ቢመጣ ሰሚ የለውም።

የአጎት ፋይል «ቦታ_አግኝ» ሲባል ቀድሞ አቤት ይላል። ከዚያ አሥራ አንዱንም ሐይቅ መሀል ያሳያል።

ቢሮ ገብታ ፋይሉን ጠረጴዛዋ ላይ ከፈተችው። የክፍሉ ኃላፊ ጋሼ ድርብ፣ ሁለት መነጽር ስለሚደርቡ ነው ስሙ የወጣላቸው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አስለምደዋታል፦ ሳታነቢ አታስገቢ።

የስሞቹን ሰንጠረዥ አነበበች። «ቦታ_አግኝ»። ከሥሩ ሌላ አለ። «ቦታ_ላክ»።

ስለ ሁለተኛ ስም ማንም አልነገራትም።

ኮዱን ፈልፍላ አየችው። ሐይቁን ከማሳየቱ በፊት እውነተኛውን ቦታ ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደ ውጭ ይልከዋል። የሚልክበትን አድራሻ አወቀችው። በየሳምንቱ ለአጎት ሪፖርቷን የምትልክበት ነው።

ደረጃው ላይ ወጥታ ደወለች።

«አጎቴ፣ ኮቱ ሁለት ቁልፍ አለው።»



«አንቺ ልበሺው እንጂ ቁልፍ አትቁጠሪ።»

ሰዎቹን ሊያድናቸው አልነበረም። ራሱ ሊለቅማቸው ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ።

ፋይሉን ባታስገባ ድርጅቱ ያገኛቸዋል። ብታስገባ አጎት።

ግን የአጎት ሰዎች አንድ ነገር ረስተዋል። «ቦታ_ላክ»ን መሸሸግ ሲችሉ በግልጽ ትተውታል። በግልጽ ያለ ስም ደግሞ የገዛ ፋይሉ ሲጠራው እንኳ በሊንከሩ በኩል ያልፋል። ሊቀደም ይችላል።

በአዲስ ፋይል አራት መስመር ኮድ ጻፈች። ስሙ «ቦታ_ላክ»፤ ሥራው ምንም። ከሁሉ በፊት መጫን አለበት። የላይብረሪዎቹን ተራ የሚቀይረው ግን የጋሼ የይለፍ ቃል ብቻ ነው።

ሰባት ሰዓት ከአርባ።

«ጋሼ፣ አስቀድመው የሚጭኑልኝ ፋይሎች አሉኝ።»

«አንብበሻቸዋል?»

«አንብቤያቸዋለሁ።»

«እስቲ እኔም። ከሁለቱ መነጽር አንዱ እንኳ እንጀራውን ይብላ።»

የእሷን አነበቡ። ከዚያ የአጎትን ከፈቱ። ያንን ደግመው አነበቡት።

በሩ አራት እርምጃ ይርቃል።

«ያንቺው ባዶ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ይሄኛው ግን ባዶ አይደለም።»

ወደ በሩ አየች።

«ሰዎቹ ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

ላይኛውን መነጽር አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት። «በማን ስም ይግባ?»

«በኔ።»

«ያንቺን ስም ማን አውቆት።» የራሳቸውን ስምና የይለፍ ቃል ጻፉ። ተራውን አስተካከሉ፤ የሷ ፊት፣ የአጎት ኋላ። «በይ ሂጂ ልጄ፣ ምሳሽን አልበላሽም።»

ኮቱን አንስታ ወጣች።

ስምንት ሰዓት ላይ በፕሮግራሙ ካርታ አሥራ አንዱም ነጥቦች ሐይቅ ውስጥ ገቡ።

መንገድ ላይ ሳለች ስልኳ ጮኸ።

«ምንም አልደረሰኝም» አለ አጎት።

«ፕሮግራሙ ታውሯል። እርስዎ ያሉኝ ይሄን ነው።»

ሲም ካርዷን ሰብራ ቦይ ውስጥ ጣለች።

ከአውቶብስ ማቆሚያው ሆና የሕንጻውን በር አየች። ሁለት ሰዎች ጋሼን መሀል አድርገው አወጧቸው። ጋሼ አንድ መነጽር ብቻ አድርገዋል። ወደ እሷ በኩል ዞሩ፤ እንደማያውቋት አለፉ።

አውቶብሱ መጣ። ገባች።

ከሳምንታት በኋላ አሥራ አንዱ ሰዎች ሲመሰክሩ በሬዲዮ ሰማች። ስለ ጋሼ የተባለ ነገር የለም። ሬዲዮኑን ዘግታ ሳህኖቿን አጠበች።

በሦስተኛው ወር፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ በአዲስ መሥሪያ ቤት አንድ ፋይል ሰጧት።

«አስገቢው በቃ የኔ እህት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አላት የጎን ባልደረባዋ። ስሟን ገና አልያዘውም።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ላንብበው።»