የተገለበጠው ማሳ

ኦቦ ገርባ ቡራዩ ባለው ጋራዣቸው ውስጥ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሳሱላት ከኖሩት አረንጓዴ ጃጓር አጠገብ ተደፍተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተመትቷል፤ አጠገባቸው ትልቅ ድንጋይ አለ። ታኅሣሥ 2008 ነው፤ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የአምቦ መንገድ ከተዘጋ ሦስት ቀን ሆኖታል። በዚያ ሰሞን አስከሬንና ድንጋይ አንድ ላይ ከተገኙ ፖሊስ ጣቢያው ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር።

ኢንስፔክተር ጣቢታ ስትደርስ ጎረቤታቸው ገበሬው ሁንዴ ታስሯል። ስድስት ሰዓት ላይ ከሌሎች ወጣቶች ጋር በጭነት መኪና ወደ ሩቅ ካምፕ ሊወሰድ ነው፤ እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም። ጣቢታ ሰዓቷን አየች፤ አራት ተኩል። ሳምንቱን ሙሉ በቅጡ አልተኛችም፤ ሰውም ድንጋይም ሰልችቷታል።

«አዴ ጥሩዬ፣ ምን ሰሙ?» አለች የሟቹን ሚስት።

«ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ባለቤቴ ከጋራዡ ሲጮኹ ሰማሁ፣ ልጄ። ‹ማሳውን የገለበጥከው አንተ ነህ!› አሉ። ከዚያ ዝም። ሁንዴ ባለፈው ሳምንት የድንበራችንን ማሳ ገልብጦ አርሶብን ነበር፤ እሱ መስሎኝ ተውኩት። ምነው ወጥቼ ባየሁ።»

የጣቢያው ማስረጃ ይኸው ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

ጣቢታ እዚያው ግቢ ሚኒባስ የሚጠግነውን ቢቂላን ጠየቀች። «ጃጓሯን ይነኳታል?»

«እኔ? ሃያ ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ኮፈኖዋን ከፍቼ አላውቅም። ስለሷ አንድ ቃል አስተምረውኝ አያውቁም። ትናንት ከሰዓት ደግሞ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

ሦስተኛው ዕዝራ ነው። ጃጓሯን ለመግዛት ከፉሪ መጥቶ፣ መንገዱ ሲዘጋበት ፔንሲዮን ይዞ የቀረ ሰው። ጣቢታ ኮፈኖውን ከፍታ አሳየችው።

«ባትሪው ተገልብጦ ታስሯል» አለ ጎንበስ ብሎ። «በድሮ እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ሰውነቱ ላይ የሚታሰረው ፕላሱ ነው። የኔም አሮጌ መኪና እንደዚሁ ናት። ኦቦ ገርባ ባቆሟት ቁጥር ገመዱን ይፈታሉ፤ ሲያስሩ ግን አይሳሳቱም።»

«ሰውነቱ ላይ የሚታሰረውን ገመድ ምን ትሉታላችሁ?»

«ማሳ ነዋ።»

ጣቢታ ሁንዴን እንዲያመጡት ወደ ጣቢያው ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች። ሁንዴ በካቴና መጣ፤ የጭነት መኪናው ከግቢው በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጣቢታ የባትሪውን ገመዶች ፈታች።

«ኦቦ ቢቂላ፣ እስቲ ያያይዙልኝ።»

ቢቂላ ሳያመነታ ፕላሱን ሰውነቱ ላይ አሰረ።

«ማን አስተማረዎት?»

ቢቂላ ከመኪናዋ ራቅ አለ።

«አዴ ጥሩዬ የሰሙት የእርሻ ማሳ አይደለም፤ የባትሪ ማሳ ነው» አለች ጣቢታ በደከመ ድምፅ። «ገልብጦ ያሰረው ይህችን መኪና የማያውቅ ሰው ነው፤ ስለዚህ አቶ ዕዝራ አይደሉም። ባትሪ ማሰር የለመደ ሰው ነው፤ ስለዚህ ሁንዴ አይደለም።»

«እኔ በሬ እንጂ መኪና ነድቼ አላውቅም» አለ ሁንዴ።

«ኦቦ ቢቂላ፣ በሚኒባስ ሁሉ ሰውነቱ ላይ የሚታሰረው ማይነሱ ነው። እርስዎም እንደ ልማድዎ አሰሩት። ትናንት ኦቦ ገርባ ስህተትዎን ነገሩዎት፤ ዛሬ እንዳይደግሙት ተጠነቀቁ። ካልነገሩዎት ከየት አወቁት?»

ቢቂላ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ።

«ገፈርሳ ለቅሶ ሄደው ሳለ አስነሳኋት። አንዴ ብቻ፣ ድምጿን ልሰማ። መጥተው ሲያዩ ሌባ አሉኝ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ሌባ። ክሪኩ እጄ ላይ ነበር። ድንጋዩን ኋላ ነው ያመጣሁት፤ ሁሉም የረብሻው ድንጋይ ነው ብሎ እንደሚያምን አውቅ ነበር።»

«አስከሬኑን አብሮኝ ያነሳው እሱ ነው» አሉ አዴ ጥሩዬ ቢቂላን እያዩ፣ እያለቀሱ።

የሁንዴ ስም ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ ካቴናው ተፈታ። የጭነት መኪናው ላይ የተቀመጡት አሥራ አንድ ልጆች ቁልቁል ያዩታል። ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል።

«እነሱስ፣ ኢንስፔክተር? እነሱን ማን ይመርምርላቸው?»

«የምመረምረው መዝገብ የላቸውም» አለች ጣቢታ።

መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ተነሳ።